የሚሰበር መጽሐፍ

በኢትዮጵያ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል ሲጀምር፣ አብሮት ሊደርስ ይገባ የነበረው የታተመ የተማሪ መጽሐፍ በብዙ ትምህርት ቤቶች አልደረሰም። የደረሰው ሶፍት ኮፒው ነው። መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከአንዱ የቴሌግራም ቻናል ወደ ሌላው ተላለፉ። መምህሩ ስልኩን እያየ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ስልክ ያለው ተማሪ በስልኩ አነበበ፤ የሌለው በጓደኛው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ፤ እጁ የማያጥረው ወላጅ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ምዕራፍ በምዕራፍ አሳተመ። ለጊዜው ነው የተባለው ነገር እየሰነበተ ሲሄድ፣ ቀድሞ በባለሙያዎች መካከል ብቻ ይነሣ የነበረ አንድ አሳብ ወደ ወላጆች ጨዋታ ገባ። መጽሐፉ በኤሌክትሮኒክ መልክ እስከተገኘ ድረስ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ማንበቢያ መሣሪያውን ገዝቶ መስጠት አይሻልምን?

ጥያቄው ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ይበልጥ የቀረበ ነው። በሐርጌሳ፣ በመሐመድ ሞጌ ሠፈር የሚኖር አንድ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ይታሰብ። ሦስት ልጆች አሉት፤ ልጆቹ ከሱማልኛው፣ ከዓረብኛውና ከእንግሊዝኛው ጎን ፊደል እንዲቆጥሩ፣ አድገውም በአማርኛ እንዲያነቡ ይመኛል። ከአዲስ አበባ የሚላክ መጽሐፍ በጅግጅጋ አድርጎ፣ የቶጎ ጫሌን ድንበር ተሻግሮ፣ መንገደኛ ሲገኝ ነው የሚደርሰው። ፒዲኤፉ ግን በቅጽበት ይመጣል። ለዲጂታል የመማሪያ መጽሐፍ የሚቀርበው ክርክር እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ካልጸና የትም አይጸናም። የሐርጌሳ ነዋሪ ደግሞ አዲስ መሣሪያ የሚያስደነግጠው ሰው አይደለም፤ ቴሌሶም የዛድን አገልግሎት ከጀመረበት ከ2009 ወዲህ የሻይ ሒሳብ ሳይቀር በስልክ ይከፈላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተባለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ይገባል። ኢ-ሪደር ወይም የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ የሚባለው ከስልክም ከታብሌትም የተለየ ዕቃ ነው። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከተደረገ ምርምር ተነሥቶ በ1997 የተቋቋመው ኢ-ኢንክ የተባለ ኩባንያ የሠራው ስክሪን፣ የፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ የሆኑ እልፍ እንክብሎች የተደረደሩበት ነው። በእንክብሎቹ ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኝ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይሰምጣል። ፊደሉ አንዴ ከተሣለ በኋላ ባለበት ይቆያል፤ ኃይል የሚፈጀው ገጽ ሲገለጥ ነው። ስለዚህም አንድ ጊዜ ቻርጅ የተደረገ መሣሪያ ለሳምንታት ያገለግላል፣ በቀትር ፀሐይም እንደ ወረቀት ይነበባል። ሶኒ በ2004፣ አማዞን በ2007 መጨረሻ «ኪንድል» የተባለውን ለገበያ ካቀረቡ ወዲህ በብዙ አገር ተለምዷል። መብራት ውድ በሆነበት ወይም ጨርሶ ባልደረሰበት ቦታ ጥቅሙን ማስረዳት አያሻም። በዚያ ላይ ቲክቶክ የለበትም፤ ስልክ ተሰጥቶት «አጥና» የተባለ ልጅ ምን ሲያደርግ እንደሚያመሽ የማያውቅ ወላጅ የለም። ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ለሚወርድ ንባብ፣ ለልብ ወለድም ሆነ ለታሪክ፣ መሣሪያው ግሩም ነው።

መማሪያ መጽሐፍ ግን እንዲያ አይነበብም። የሒሳብ መጽሐፍ የያዘ ልጅ አንድ ጣቱን መልመጃው ላይ፣ ሌላውን ከስምንት ገጽ በፊት ባለው ምሳሌ ላይ ሰክቶ፣ በመካከሉ ቀመሩን ለማየት ወደ ኋላ ይገልጣል። በእርሳስ ያሰምራል፤ ያልገባውን በኅዳጉ ላይ በጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። የሚፈልገው አንቀጽ በግራ ገጽ ከሥዕሉ በታች እንደነበረ እጁና ዓይኑ ያስታውሱለታል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከ2009 ጀምሮ 39 የኮምፒውተር ሳይንስ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትልቁን ኪንድል ይዘው እንዲማሩ አድርጎ ነበር። ሰባት ወር ሲሆናቸው ከ60 በመቶ የሚበልጡት ለትምህርታቸው አዘውትረው መጠቀሙን ትተዋል። እነዚህ ኮምፒውተር ሙያቸው የሆነ ጎልማሶች ናቸው። ምክንያቱ ወዲያና ወዲህ ማገላበጡ፣ ማስታወሻ መያዙና «የት ቦታ አንብቤው ነበር?» የሚለውን መፈለጉ ስላስቸገራቸው ነበር።

በ2019 የኖርዌይና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ደግሞ አንድን የወንጀል ታሪክ ለ50 ሰዎች፣ ለገሚሶቹ በወረቀት ለገሚሶቹ በኪንድል አስነብቧል። በአብዛኛው የመረዳት ፈተና ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። የታሪኩን ክንውኖች በጊዜ ቅደም ተከተል አሰልፉ ሲባሉ ግን በወረቀት ያነበቡት በለጡ። ከዚያ በፊት በ2018 የታተመ፣ 54 ጥናቶችንና ከ170,000 የሚበልጡ አንባቢዎችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራም በስክሪን የተነበበ ዕውቀት ነክ ጽሑፍ በወረቀት ከተነበበው ያነሰ እንደሚጨበጥ፣ በተለይ ጊዜ ሲጣበብ ልዩነቱ እንደሚሰፋ አሳይቷል። ለትረካ ንባብ ልዩነቱ አልታየም። እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ከተመዘኑት ጥናቶች ብዙዎቹም የኮምፒውተር ስክሪን እንጂ ኢ-ሪደር አልነበራቸውም። መጽሐፍ ጨርሶ ከማጣት ጋር ሲነጻጸርም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ለአማርኛ አንባቢ የሚብሰው ሌላው ነገር ነው። የተማሪው መጽሐፍ በፒዲኤፍ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የፒዲኤፍ ገጽ መጠኑ እንደተቆረጠ ልብስ ነው፤ ስክሪኑ ሲያንስ ጽሑፉ ራሱን አያስተካክልም። ትልቅ ገጽ ከእጅ መዳፍ እምብዛም በማይበልጥ ስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ሲጨመቅ፣ የላቲን ፊደል አንባቢ ዓይኑን አጥብቦ ይገላገለዋል። በግዕዝ ፊደል ግን ካዕቡን ከሣልሱ የምትለየው አንዲት ትንሽ ቅጥል ናት፤ «ቡ»ና «ቢ» ተቀላቀሉ ማለት ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ላለ ልጅ ትምህርቱ ተበላሸ ማለት ነው። የካርታው ቀለም፣ የሕዋሱ ሥዕል፣ በጥቁርና ነጭ ስክሪን ላይ ግራጫ ጥላ ይሆናል። ችግሩ መፍትሔ አለው፤ መጻሕፍቱን ለመሣሪያው እንደገና ማዘጋጀት ይቻላል፤ የግዕዝ ፊደልም ከ1999 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ሆኖም ይህ ሥራ ገንዘብና ሰው ይጠይቃል፤ «ፒዲኤፉ አለ፣ መሣሪያው ይገዛ» የሚለው ስሌት ደግሞ ይህን ወጪ ጨርሶ አይቆጥረውም።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ልምድ የላትም ማለት አይቻልም። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን መማር ሲጀምሩ ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይመጣ ነበር። ተማሪው ባይገባው ቴሌቪዥኑ አይጠብቀውም፤ መብራት ቢጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። መምህሩ በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ ሆነ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ዓለም አቀፍ ውጥን ነጭና አረንጓዴውን ኤክስኦ ኮምፒውተር ይዞ መጣ። ይህ መሣሪያ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ልዩ ቦታ አለው፤ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ተለውጦ እንዲነበብ፣ ክዳኑም ዞሮና ታጥፎ እንደ መጽሐፍ እንዲያዝ ሆኖ የተሠራ ነበር። ወደ 5,000 የሚጠጉ ወደ ኢትዮጵያ ገብተው፣ የተማሪ መጻሕፍትም ተጭነውባቸው ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ታደሉ። ሥራውን የተከታተሉ ጥናቶች እንዳሳዩት ብዙ መምህራን መሣሪያውን የልጆችን አሳብ የሚበትን አድርገው አዩት፤ በክፍል ውስጥ እንዳይከፈት የከለከሉም ነበሩ። መምህሩ በዚህ አይወቀስም፤ ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል፣ እሱ ራሱ በቂ ሥልጠና ሳያገኝ፣ ምን እንደተከፈተ በማያየው ስድሳ ስክሪን ፊት ቆሞ ምን ያድርግ?

ያው ድርጅት በ2012 ሌላ ሙከራ አደረገ። በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት በሌለበት፣ ለሃያ ሃያ ልጆች የሚበቃ ታብሌት በታሸገ ካርቶን፣ ያለ አስተማሪና ያለ መመሪያ ተቀመጠ፤ ኃይሉ ከፀሐይ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዝሙር ዘመሩ፤ በአምስት ወር ደግሞ የተቆለፈውን ካሜራ ከፈቱ። ወሬው ዓለምን አስደነቀ፤ የልጆቹ ብልህነትም በእርግጥ ያስደንቃል። በአድናቆቱ መካከል ብዙ ሰው ያላነሣው ጥያቄ ግን አለ። የተማሩት የማንን ፊደል ነው? በቤታቸው ኦሮምኛ የሚነገርላቸው ልጆች የተሰጣቸው ዕቃ ያስተማራቸው እንግሊዝኛ ነበር፤ በመሣሪያው ውስጥ የነበረው እሱ ነዋ። መሣሪያው ባዶ ሆኖ አይመጣም፤ የሠራውን ሰው ቋንቋ፣ ምርጫና ችኮላ ተሸክሞ ይመጣል።

ከሁሉ በላይ ሊመረመር የሚገባው ግን በጋና የሆነው ነው። ወርልድሪደር የተባለው ድርጅት በ2010 መጨረሻ በጋና ምሥራቃዊ ክልል፣ በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት እርዳታ፣ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ላሉ ተማሪዎች ኪንድል አደለ። ይህ በጥሩ ልብ የተሠራ ሥራ ነበር። ውጤቱም መልካም ጎን ነበረው፤ መጽሐፍ ብርቅ በሆነባቸው ቤቶች ልጆች ብዙ መጽሐፍ አገኙ፤ ታናናሾቹ ተማሪዎች በንባብ መሻሻል አሳዩ። ሙከራው በሚቀጥለው ዓመት ሲገመገም ከተሰጡት መሣሪያዎች 40.5 በመቶው ተሰብረው ተገኙ። ድርጅቱ ይህን ሳይሸሽግ በግልጽ መናገሩ ያስመሰግነዋል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር በብዙ ሪፖርት ውስጥ የሚቀበር ነው። በኋላም ጠንካራ መሣሪያ ለማግኘት ጥሯል፤ ውሎ አድሮ ደግሞ ልጆቹ ወላጆቻቸው እጅ ላይ በሚያገኙት ስልክ ወደ ማስነበብ አዘንብሏል።

አርባ ከመቶ ማለት ምን ማለት ነው? የጋና ልጆች ጥንቃቄ የላቸውም ማለት እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ስክሪኑ በስስ መስታወት ላይ የተሠራ ነው። ልጅ ደግሞ ቦርሳው ላይ ይቀመጣል፣ ቦርሳውን ጎል አድርጎ ኳስ ይጫወታል፣ ከታናሹ ጋር ይናጠቃል፣ ዝናብ ሲመጣ ቦርሳውን ራሱ ላይ ያደርጋል። የልጅ ወግ ይህ ነው። የወረቀት መጽሐፍ ይህን ሁሉ ችሎ ይኖራል። ሽፋኑ ቢገነጠል በጋዜጣ ይለበዳል፤ ሃያ ገጽ ቢቀደድ የቀረው መቶ ስምንት ገጽ ይነበባል፤ የባዮሎጂው ቢጠፋ የጂኦግራፊው አለ። መሣሪያው ሲሰበር ግን ሁሉም ትምህርት በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ጠዋት ዘጠኝ መጽሐፍ የነበረው ልጅ ማታ አንድም የለው።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማንኛውም ዕቃ ይሰበራል፤ ቁም ነገሩ ሲሰበር ጉዳቱ በማን ላይ ያርፋል የሚለው ነው። በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪው መጽሐፉን ሲወስድ ይፈርማል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ካልመለሰ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ካርዱ ይያዝበታል። ደንቡ ለወረቀት መጽሐፍ የሚቻል ነበር፤ ወላጅ እያጉረመረመም ቢሆን ከፍሎ ይገላገላል። ይኸው ደንብ በገበያ 100 ዶላር አካባቢ ለሚያወጣ መሣሪያ ሲውል ሌላ ነገር ይሆናል። አንድ የቀን ሠራተኛ ልጁ በጣለው ዕቃ የወራት ገቢውን ይከፍላል ወይም ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል ማለት ነው። ብልህ የሆነ ወላጅ ደግሞ ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ መሣሪያውን ከሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ልጁ መጽሐፍ ተሰጥቶታል፣ አያነበውም። ኤክስኦ ከ800,000 በላይ በታደለባት በፔሩ መሣሪያው ጉዳት እንዳይደርስበት በመፍራት ወደ ቤት እንዳይወሰድ የተደረገባቸው ትምህርት ቤቶች ጥቂት አልነበሩም፤ በ2012 የወጣው የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ግምገማም በሒሳብና በቋንቋ ትምህርት መሻሻል አላገኘም።

ቀደምት የነበረው የአገሬው ትምህርት ይህን ጉዳይ እንዴት ይዞት እንደነበር ማየት ያስተምራል። በቤተ ክህነት ትምህርት ብራና እጅግ ውድ ነበር፤ ለአንድ መጽሐፍ ብዙ በግና ፍየል ይታረዳል፣ ጸሐፊው ወራት ይቀመጥበታል። ይህን ውድ ዕቃ ግን ለቆሎ ተማሪው አስረክቦ «ከጠፋ ትከፍላለህ» ያለው የለም። መጽሐፉ የደብሩ ነው፤ ተጠያቂውም ቄሰ ገበዙ ነው። ተማሪው በተራው ከየኔታ ፊት ቀርቦ ያያል፣ ይሰማል፣ በቃሉ ይዞ ይሄዳል። ሥርዓቱ የራሱ ጭካኔ ነበረው፤ ርሃቡ፣ ውሻው፣ ዱላው ይታወቃል። በዚህ በኩል ግን ፍትሕ ነበረበት። የቁርኣን ቤቱ ሎህም እንዲሁ ነው፤ በሐርጌሳም፣ በሐረርም፣ በወሎም ልጆች በእንጨት ሰሌዳ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፋሉ፣ ሲያጠኑት ያጥቡታል፣ እንደገና ይጽፋሉ። ታብሌት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም በጥንት ትርጉሙ ከዚህ ሰሌዳ አይርቅም። ሎህ ቢሰነጠቅ የሠፈሩ አናጢ ሌላ ይጠርባል። ውዱ ዕቃ በተቋሙ እጅ፣ ርካሹ ዕቃ በልጁ እጅ ነበር። የዛሬው ውጥን ይህን ገልብጦ ውዱን ለልጁ ይሰጣል።

ከመሰበር ሌላ ደግሞ መወሰድ አለ። በሐምሌ 2009 አማዞን የመሸጥ መብት ከሌለው አሳታሚ የተገኙ ናቸው በማለት የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «አኒማል ፋርም» ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከርቀት አጠፋቸው፤ ገንዘቡን መልሷል። የመጽሐፎቹ ምርጫ ከመራርነቱ የተነሣ ሰው ያቀደው ይመስላል። ከተጎዱት አንዱ በሚሺጋን የሚኖር የ17 ዓመት ተማሪ ነበር፤ ለትምህርት ቤት ሥራ የያዘው ማስታወሻ መጽሐፉ ሲጠፋ ትርጉም አጣበት። ኩባንያውን ከስሶ በካሣ ታረቀ። የኢትዮጵያ ልጅ ማንን ይከሳል? በእርግጥ በመሣሪያው ላይ የተጫነ ፒዲኤፍ እንዲህ በቀላሉ አይነጠቅም፤ በኔትወርክ ብቻ የሚከፈት መጽሐፍ ግን ይነጠቃል። ትግራይ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ፣ አማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2023 በኋላ ለብዙ ወራት ኢንተርኔት ተቋርጦባቸው ነበር። በዚያ ወቅት መጽሐፍ የነበረው መጽሐፉን በእጁ የያዘ ሰው ብቻ ነው።

የሐርጌሳ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በ1988 ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ የሬዲዮ ሐርጌሳን የሙዚቃ ሀብት ከመሬት ቀብረው ያዳኑት ሰዎች፣ የቀበሩት በእጃቸው የነበረውን ካሴትና ሪል ነው። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ወደ ዲጂታል እየተገለበጡ ይጠበቃሉ፤ የመሐመድ ሞጌ ሠፈር ስሙን የወሰደበት ዘፋኝ ድምፅም ለዛሬ ትውልድ የደረሰው በካሴት ነው። እንግዲህ ዲጂታል ጠላት አይደለም፤ ዲጂታል ባይኖር ያ ሁሉ ቴፕ ረግፎ ይቀር ነበር። ለየት የሚያደርገው ካሴቱ በያዘው ሰው ሥልጣን ሥር መሆኑ ነው። ሊገለብጠው፣ ሊያውሰው፣ ሊቀብረው ይችላል። ዛድም ቢሆን የተወደደው ስልኩ ቢጠፋ ገንዘቡ ስለማይጠፋ ነው፤ ሰውየው አዲስ ሲም አውጥቶ ከገንዘቡ ጋር ይገናኛል። መጽሐፍም እንዲህ ሊሆን ይችላል ቢባል እውነት ነው፤ ፋይሉን እንደገና መጫን ቀላል ነው። ሁለተኛውን መሣሪያ የሚገዛው ሰው እስኪገኝ ድረስ ግን ቀላልነቱ ለልጁ ምንም አይፈይድለትም።

እዚህ ላይ ለመሣሪያው የሚሟገት ሰው ከባድ መልስ አለው። «አርባው ቢሰበር ስድሳው አለ፤ ዛሬ ወረቀቱ ለመቶውም አልደረሰ» ይላል። ይህ በቀላሉ የሚገፋ ክርክር አይደለም። መጽሐፍ በሌለበት ክፍል ውስጥ የወረቀትን ጸጋ ማወደስ ለጠገበ ሰው የሚመች ፍልስፍና ነው። ስለዚህ በችግር ጊዜ፣ በስደተኞች መጠለያ፣ ማተሚያ ቤቱም መንገዱም በተዘጋበት ቦታ መሣሪያው ቢታደል ተገቢ ነው። ዓይኑ ለደከመ ልጅም ፊደሉን አጉልቶ ማንበብ ትልቅ ነገር ነው። በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አርባ መሣሪያ ቢቀመጥ፣ አርባ ሺህ መጽሐፍ ሊኖርበት ይችላል፤ ሲሰበርም የሚከፍለው ቤተ መጻሕፍቱ ነው፣ እንደ ቄሰ ገበዙ።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ከ2009 አካባቢ ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮጀክት አማካይነት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሲታተም፣ ዓላማው ለአንድ ተማሪ በአንድ ትምህርት አንድ መጽሐፍ የሚል ነበር። ይህ ዓላማ በየቦታው ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል ማለት ባይቻልም የሚቆጠር ነበር፤ ወላጅም ጋዜጠኛም ትምህርት ቤት ገብቶ «ስንት መጽሐፍ ለስንት ልጅ?» ብሎ ይጠይቃል። ፋይል ግን አይቆጠርም። አንድ ፒዲኤፍ በድረ ገጽ ላይ ሲቀመጥ ለሁሉም ደረሰ ይባላል፣ ለማንም ሳይደርስ። የማተምና የማከፋፈል ግዴታ የነበረበት ወገን ግዴታውን ወደ ወላጁ ስልክ ያሻግረዋል፤ ስልክ መግዛቱ፣ ዳታ መሙላቱ፣ ቻርጅ ማድረጉ፣ ሲሰበር መተካቱ የቤተሰቡ ዕዳ ይሆናል። ሕግ ሳይወጣ፣ ማንም ሳይወስን፣ ትምህርት በነጻ ነው የሚለው ቃል ከውስጡ ይቦረቦራል። መሣሪያው በመንግሥት ወይም በለጋሽ ቢገዛም እንኳ የመጀመሪያው ግዢ በሪባን ቆረጣ ይመረቃል፤ ለሁለተኛው ግዢ ሪባን የሚቆርጥ አይገኝም። በጋና በታየው መጠን ቢሰላ፣ 500 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት በዓመት ውስጥ 200 ያህል ምትክ ያስፈልገዋል። በዕቅዱ ውስጥ ይህ ቁጥር ከሌለ መሣሪያውን የሚያስረክበው ወገን ጉዳቱን ለልጁ ትቷል።

ሀብታም አገሮችም በዚህ ዙሪያ ወዲያና ወዲህ ማለታቸው ለማነጻጸር ያህል ይጠቅማል። ስዊድን ልጆቿን ወደ ስክሪን ቀድመው ካሻገሩት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በ2023 ለታተሙ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ግዢ 685 ሚሊዮን ክሮነር መድባለች። ዩኔስኮም በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ቴክኖሎጂ በትምህርት ቤት የሚገባው በማን ፍላጎት ነው ብሎ ጠይቋል። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ዲጂታል የመማሪያ መጽሐፍ በመጋቢት 2025 በትምህርት ቤቶች ጀምራ፣ ገና በነሐሴ ፓርላማዋ «የመማሪያ መጽሐፍ» የሚለውን ሕጋዊ ማዕረግ ገፍፎ ወደ «ተጨማሪ ማስተማሪያ» አወረደው። መብራት የማይጠፋባት፣ መሣሪያውን ራሷ የምትሠራ አገር ናት። ከዚህ ውስጥ ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው የሁለቱ ስሞች ልዩነት ነው። መማሪያ መጽሐፍ የሚባለው መንግሥት ለእያንዳንዱ ልጅ የማድረስ ግዴታ ያለበት ነው፤ ተጨማሪው ቢኖር መልካም፣ ባይኖር ትምህርቱ የማይቋረጥበት ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ኢ-ሪደር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ምናልባትም ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ይስማማል፤ ተማሪው ዕቃ መያዝ ይችላል፣ የሚያነበውም በአብዛኛው ረጅም ጽሑፍ ነው። በሐርጌሳም ሆነ በሌላ አገር ላለ ቤተሰብ አንድ መሣሪያ የቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ፣ ወላጅ እጅ እየኖረ፣ ማታ ማታ ተረትና ታሪክ ቢነበብበት ገንዘቡን ያወጣል። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላለ ልጅ ግን የሚያስፈልገው የሚያሰምርበት፣ የሚያቆሽሸው፣ ቢጥለው ማንም የማይጮህበት ወረቀት ነው። ለፊደል ገበታው ፒዲኤፉን በትልቁ አሳትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከማንኛውም ስክሪን ይሻላል፤ ሦስቱ ልጆች አንድ ላይ ቆመው ይቆጥሩበታል፣ ትልቁ ሲሳሳት ትንሹ ያርመዋል።